የቪትዜ ቤዝ የት ጠፍቶ እንደነበር

ባለ 10 ኢንች ሳብዉፈር (ለቤዝ ብቻ የሚሆን ትልቅ ስፒከር) እና አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ከመርካቶ ገዝቼ ቪትዝ መኪናዬ ላይ ሳስገጥም፣ ደረት የሚመታ ቤዝ ነበር የጠበቅኩት። ያገኘሁት ግን ጩኸት ነው። የኋላው ታርጋ ይንቀጠቀጣል። ከበሮውና ቤዝ ጊታሩ ተደበላልቀው አንድ ጉምጉምታ ይሆናሉ። ማታ ላይ ደግሞ ቤዙ በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ደብዘዝ ይላል። ሰው ሁሉ «ትልቅ አምፕሊፋየር ግዛ» አለኝ። እኔ ግን ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ያለውን ልየው ብዬ ሁለት እሁድ ሰጠሁት። እንኳንም ሰጠሁት።

መጀመሪያ ያየሁት ማሳውን፣ ማለትም ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚታሰረውን ኔጌቲቭ ገመድ ነው። ገጣሚው የአምፕሊፋየሩን ማሳ ያሰረው ቀለም በተቀባ ላሜራ ላይ ነበር። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ብረቱ ሲያብረቀርቅ መልሼ አጠበቅሁት። የመብራቱ መደብዘዝ በጣም ቀነሰ። እግረ መንገዴን ከባትሪው የሚመጣው ወፍራም ገመድ ፊውዝ እንደሌለው አየሁ። ያ ገመድ የሆነ ቦታ ተልጦ ቦዲውን ቢነካ መኪናው ሊቃጠል ይችላል። ፊውዙን ከባትሪው አንድ ክንድ ሳይርቅ አስገባሁ።

ትልቁ ችግር ያልጠረጠርኩት ቦታ ነበር፤ የፊት በሮቹ ስፒከሮች። ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ጎረቤት አሉን። ችግሬን ስነግራቸው «ልጄ፣ ሁለቱ ስፒከሮች እኩል ይተነፍሳሉ?» አሉኝና አንድ የባትሪ ድንጋይ ሰጡኝ፤ ያችኑ ባለ 1.5 ቮልት። የስፒከሩን ገመዶች ከቴፑ ነቅዬ ለአፍታ በድንጋዩ ነካሁ፤ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ። የቀኙ ስፒከር ወረቀት ወደ ውጭ ገፋ። የግራው ወደ ውስጥ ገባ። አንዱ አየር ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ እንዲህ ሲሆን ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የግራውን ገመድ አዙሬ ሳስር፣ ሳብዉፈሩ ጠፍቶ እንኳ ከፊት ቤዝ መጣ። ብቻዬን መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ።

ሁለተኛው እሁድ የማስተካከያ ቀን ነበር። ብዙ ሰው አምፕሊፋየሩ ላይ ያለውን ጌይን የሚባል ማስተካከያ እንደ ድምፅ መጨመሪያ ያየዋል። ሥራው ከቴፑ የሚመጣውን ምልክት ከአምፕሊፋየሩ አቅም ጋር ማመጣጠን ነው። ጥግ ድረስ ሲከፈት ድምፁ ይሰባበራል፣ የስፒከሩም ኮይል ሊቃጠል ይችላል። የእኔ አምፕሊፋየር ካርቶኑ ላይ 1200 ዋት ይላል፤ መመሪያው ላይ ያለው እውነተኛ ቁጥር ግን በ4 ኦም (ኦም የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) 200 ዋት ነው። 200 በ4 ሲባዛ 800፤ የዚያ ስኩዌር ሩት 28 ገደማ ነው፤ አምፕሊፋየሩ 200 ዋቱን ሲሰጥ የሚያወጣው ቮልት ይህ ነው። ሳብዉፈሩን ነቅዬ፣ ቤዝ ቡስቱን (ቤዝ መጨመሪያውን) ዜሮ አድርጌ፣ ቴፑን እስከ ሦስት አራተኛ ከፍቼ የ50 ኸርዝ ድምፅ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ ለቀቅሁ። የአምፕሊፋየሩ የስፒከር መውጫ ላይ የሰካሁትና ኤሲ ቮልት ላይ ያደረግሁት መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) 28 ቮልት ሲያነብ ጌይኑን እዚያው ተውኩት። ከሩቡ ብዙም አላለፈም።

ከዚያ ሳብዉፈሩን ከ80 ኸርዝ በላይ፣ የፊቶቹን ደግሞ ከ80 በታች እንዳይጫወቱ ቆረጥኩ። ታናሽ ወንድሜ ከኋላ ሆኖ የሳብዉፈሩን መግፋትና መሳብ የምትገለብጠውን የፌዝ (phase) ማብሪያ በ0 እና በ180 መካከል ሲያገላብጥ እኔ ሾፌር ወንበር ላይ ሆኜ አዳመጥኩ። የኋላውን በር ከፍታችሁ ውጭ ቆማችሁ ብትሰሙ ያታልላችኋል። 180 ላይ ሲያደርገው ቤዙ ከዳሽቦርዱ የሚመጣ መሰለኝ። እዚያው ተውነው።

አሁን ከበሮው ለብቻው፣ ቤዝ ጊታሩም ለብቻው ይሰማኛል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ እሱም ጥርት ብሎ ይመጣል። ታርጋው ግን አሁንም ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ከኋላው ስስ ስፖንጅ ልለጥፍለት ነው።