«መሰለኝ» ያሉትን «ለየሁት» ብዬ ጻፍኩ

የመጀመሪያው የቀዳሚ ምርመራ መዝገብ ሲመራልኝ ዳኛ ከሆንኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ጉዳዩ ከባድ የግፍ አገዳደል ነው። እንዲህ ያለውን ክስ አይቶ የሚፈርደው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው። የእኔ ድርሻ የዓቃቤ ሕግ ምስክሮችን ሰምቼ፣ ቃላቸውን መዝግቤ ወደ ላይ መላክ ብቻ ነበር። «አንተ አትፈርድም፣ ምን ያስጨንቅሃል?» አሉኝ የቀደሙኝ ዳኞች። አመንኳቸው። ምነው ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ባስጠነቀቀኝ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሂደቱ ራሱ አይከብድም። ዓቃቤ ሕግ ያመለክታል፣ ቀን ትቀጥራለህ፣ ተከሳሹ ይቀርባል። ምስክሮች ይምላሉ፣ ይናገራሉ፣ ትጽፋለህ። ሲያበቃ ተከሳሹን «የምትለው ነገር አለ? ካልፈለግህ ዝም ማለት መብትህ ነው» ትለዋለህ። ከዚያ መዝገቡን ታስተላልፋለህ። አለቀ።

አሠራሩ ከየት እንደመጣ የገባኝ በኋላ ነው። የ1954ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችንን በማርቀቅ ከተሳተፉት አንዱ ሰር ቻርልስ ማቲው፣ ቀደም ሲል በእንግሊዝ ሥር በነበረችው ማላያ ዋና ዳኛ ነበሩ። ቀዳሚ ምርመራን እንግሊዞች በየቅኝ ግዛታቸው ዘርተውታል። እ.ኤ.አ. በ1898 የወጣው የሕንድ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። እዚያ ምርመራውን የሚሰማው ማጅስትሬት (የበታች ፍርድ ቤት ዳኛ) ብዙ ጊዜ የወረዳው አስተዳዳሪም ነበር። ምስክሩ በአገሩ ቋንቋ ይናገራል፣ አስተርጓሚ ይመልሳል፣ ማጅስትሬቱ የገባውን በእንግሊዝኛ ይጽፋል። በመሀል ስንት ቃል እንደጠፋ አስቡት። ግን ያ ማጅስትሬት አንድ ነገር ነበረው። ማስረጃው ለክስ የማይበቃ ሆኖ ካገኘው፣ በአንቀጽ 209 ሰውየውን ማሰናበት ይችል ነበር። የእኛ ሕግ ምርመራውን ወሰደና ይህን ሥልጣን ተወው። እኔ ማስረጃው ባዶ ቢሆን እንኳ ማስተላለፍ እንጂ ማሰናበት አልችልም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1973 ሕጓን ስትቀይር ይህን የማጅስትሬት ምርመራ አስቀርታዋለች።

እንግዲህ በእጄ የነበረው ብዕሬ ብቻ ነበር። እሱንም አበላሸሁት።

ሦስተኛዋ ምስክር ስድሳን ያለፉ ጠላ ሻጭ ነበሩ። ምሽት ላይ ደጃቸው ቆመው ሳለ አንድ ሰው ከጉራንጉሩ ሲወጣ አይተዋል። ሲናገሩ ደብተሬ ላይ በጥድፊያ እጫጭራለሁ። ከዚያ አሳምሬ ለጸሐፊዋ አነብላታለሁ፣ እሷ ትተይባለች። ደብተሬ እንዲህ ይላል፦ «ጋቢ ተከናንቧል። ፊቱን አላየሁትም። አረማመዱን ሳየው እሱ መሰለኝ።» ለጸሐፊዋ ያነበብኩላት ግን ይህን ነው፦ «ጋቢ ተከናንቦ ሲወጣ በአረማመዱ ለይቼዋለሁ።»

ማንንም ለመጉዳት አስቤ አይደለም። ሴትዮዋ «መሰለኝ» ከአፋቸው አይጠፋም ነበር። ስንት ሰዓት ነበር ሲባሉ «አንድ ሰዓት መሰለኝ»። ሰፈሩ ውስጥ ስንት ዓመት ኖሩ ሲባሉ «ሃያ ዓመት መሰለኝ»። የአነጋገር ልማድ ነው ብዬ ወሰንኩና ዘለልኩት። ልማድ ይሁን ጥርጣሬ መወሰን ግን የእኔ ሥራ አልነበረም። የሚፈርደው ሌላ ሰው ነው። እሱ ደግሞ ሴትዮዋን አይቶ እንዲወስን ቃላቸው እንዳለ ሊደርሰው ይገባ ነበር።

ተከሳሹ ጠበቃ አልነበረውም። ለጸሐፊዋ ሳነብ ሰምቶ እጁን አነሳ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እሳቸው መሰለኝ ነው ያሉት እኮ» አለ። «ተራህን ጠብቅ» አልኩት። መቃወሙንም አልጻፍኩም። ተራው ሲደርስ ምንም አልተናገረም። ዝም ማለት መብትህ ነው ብዬ የነገርኩት እኔው ነኝ።

ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። እስረኛ ያመጡት ፖሊሶች ሰዓታቸውን ያያሉ። ቃሉን ለሴትዮዋ መልሼ ሳላነብ አስፈረምኳቸው። ማንበብ ስለማይችሉ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ሰማያዊው ቀለም ነጠላቸውን ነክቶት በምራቃቸው ሲያሹት እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ዋናው ክስ ሳይሰማ ሴትዮዋ ሞቱ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 144 ምስክሩ ከሞተ፣ ከታመመ ወይም ከጠፋ በቀዳሚ ምርመራ የሰጠው ቃል ተነቦ ማስረጃ እንዲሆን ይፈቅዳል። ተነበበ። የሥራ ባልደረባዬ ፍርዱን ሲያሳየኝ «በአረማመዱ ለይቼዋለሁ» የምትለው ዓረፍተ ነገር በትእምርተ ጥቅስ ተቀምጣለች። ሴትዮዋ ያላሉት፣ የእኔ ዓረፍተ ነገር። በእርግጥ ሌላም ማስረጃ ነበር። ሰውየው የተፈረደበት በዚያች ዓረፍተ ነገር ብቻ አይደለም። ግን ፍርዱ ላይ አለች።

ደብተሬን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ገለጥኩና አሳየሁት። ሁለቱን መስመሮች እንኳ አላነበበም። «የተላከ መዝገብ ያንተ አይደለም። የግል ማስታወሻ ማስረጃ አይሆንም። መዝገቡ ራሱ ይናገራል» አለኝና ወደ ሻዩ ተመለሰ። መዝገቡ የሚናገረው እኔ ያስገባሁበትን ነው! እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ከእሱ ይልቅ ግን በራሴ ነው የምናደደው። ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ ነበረብኝ። አለቃዬ አይሆንም ስላለኝ ተውኩት። ለአንድ ሰው ዕድሜ የሚሆን ምክንያት አልነበረም።

ቀዳሚ ምርመራ ለምትሰሙ ወጣት ዳኞች የምለው አለኝ። ሥልጠና ላይ «ፍሬ ነገሩን ብቻ ጻፉ» ተብላችኋል። አትስሙ። ሕጉ ቃሉ በትረካ መልክ እንዲጻፍ ቢልም፣ ዳኛው የመረጠውን ጥያቄና መልስ እንዳለ ማስፈር ይችላል። ምስክሩ ተከሳሹን «እሱ ነው» የሚልበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ትረካውን ተዉት። ጥያቄውን ጻፉ፣ መልሱን ጻፉ፣ «መሰለኝ»ም ከሆነ «መሰለኝ» ብላችሁ ጻፉ። ዝም ብሎ ከቆየ «ቆይቶ መለሰ» በሉ። ተከሳሹ በመሀል ከተቃወመ ከስነ ሥርዓት ውጭ ቢሆንም መቃወሙን አስፍሩ። ጠበቃ ከሌለው ደግሞ እስኪገኝለት ቀጠሮ ስጡ። ዓቃቤ ሕግ «ምርመራው ሳይዘገይ ነው መሰማት ያለበት» ይላችኋል፣ ልክም ነው። ቢሆንም አንድ ሳምንት ጠብቁ።

ከዚያ መዝገብ በኋላ ሳላነብ አስፈርሜ አላውቅም። በመጀመሪያው ቀን አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ቃሉን ሳነብለት እጁን አነሳ። «ጌታዬ፣ ሮጠ አላልኩም። ፈጠን ፈጠን አለ ነው ያልኩት» አለኝ። ጸሐፊዋ ተነፈሰች። ዓቃቤ ሕጉ ቦርሳውን ዘግቶ ተነስቶ ነበር፣ ተመልሶ ተቀመጠ። «ሮጠ» የሚለውን ሰረዝኩ፣ ከላዩ «ፈጠን ፈጠን አለ» ብዬ ጻፍኩና አጠገቡ ፈረምኩ። ስድስት ሰዓት ከሃያ ነበር።