ረሃቤ ዝም ያለባቸው ወራት

በምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሌሊት ፈረቃ የምግብ ዕረፍት 30 ደቂቃ ነው። ክብደት ለመቀነስ ጨጓራዬን ካሳነሰው ቀዶ ሕክምና በፊት ከዚህ ውስጥ ለራት የሚያስፈልገኝ ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ የቀረውን ጊዜ ስልኬን እያየሁ በጣፋጭ ብስኩት እገፋው ነበር። ዛሬ ያው 30 ደቂቃ ለአንድ የተቀቀለ እንቁላልና ለጥቂት ማንኪያ እርጎ በጭንቅ ይበቃኛል፤ አፌ የገባውን ሁሉ እስኪልም ማኘክ፣ ማንኪያውን ማስቀመጥ፣ ጥቂት መጠበቅ፣ ከዚያ እንደገና ማንሣት አለብኝና። ከበላሁ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ ስለማልጠጣ ጥሜን የምቆርጠው ወደ ሥራዬ ከተመለስኩ በኋላ፣ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ስሻገር ቆም እያልኩ ነው።

ክብደቱ በአንድ ቀን አልመጣም። በስደት የመጀመሪያዎቹ ስምንት ዓመታት ቀን በጽዳት፣ ሌሊት በእንክብካቤ ሥራ ነው ያለፉት። የምበላው ስለራበኝ ሳይሆን ሰዓት ስላገኘሁ ነበር፤ ከፈረቃ ወጥቼ ቤቴ ስገባ የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ ምግቡ የሰውን ቦታ ያዘ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ63 ሲሆን ክብደቴ 118 ኪሎ ሲደርስ የክብደትና የቁመት ምጣኔዬ 44 ሆነ። የደም ግፊት መድኃኒት ጀምሬ ነበር፤ በእንቅልፌ ትንፋሼ እየተቆራረጠም ደንግጬ እነቃ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1991 ጀምሮ ለዚህ ሕክምና ሲሠራበት የቆየው መስፈርት ምጣኔው 40፣ ተጓዳኝ ሕመም ሲኖር ደግሞ 35 ነበር፤ በ2022 የዘርፉ የሙያ ማኅበራት ይህን ዝቅ አድርገውታል። እኔ በአሮጌውም በአዲሱም ልክ ከመስመሩ በላይ ነበርኩ።

የተደረገልኝ ስሊቭ የሚባለው ነው። በሆድ ላይ በሚከፈቱ ጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች አማካይነት ከጨጓራው አራት አምስተኛ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ቀጠን ያለና ሞላላ ሲሆን የሚይዘውም ከአንድ ስኒ ብዙም አይበልጥም። ከሰመመን በነቃሁበት ዕለት ማታ ነርሷ ደግፋ አስነሥታ በኮሪደሩ አራመደችኝ፤ ደም በእግር ሥር እንዳይረጋ የሚደረግ ነው። «ይኼ የአሁን ዘመን ፋሽን ነው» የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ጨጓራን ከፍሎ አንጀትን በማገናኘት ክብደት መቀነስ ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን በአሜሪካ አዮዋ ከሠሩት ከ1966 ጀምሮ ያለ ሕክምና ነው፤ ሐሳቡም የመጣው ለቁስለት ሲባል ጨጓራቸው በከፊል የወጣላቸው ሕሙማን እየከሱ መሄዳቸውን ከማስተዋል ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው የምግብ ቅደም ተከተል በወረቀት ላይ ቀላል ነው። መጀመሪያ ቀጭን ፈሳሽ፣ ቀጥሎ ለሁለት ሳምንት ያህል ወተትና የተጣራ ሾርባ የመሰለ ነገር፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ የተለመደ ምግብ። በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው ግን ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ነው፤ እሱም የቋንቋ ጉዳይ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት የሥነ ምግብ ባለሙያዋ በአስተርጓሚ በኩል «ስትበዪ ጠገብኩ የምትይበት ጊዜ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ዋሽቼ አልነበረም፤ እኔ ጥጋብ ብዬ የማውቀው ሆድ ተነፍቶ፣ ሰውነት ዝሎ፣ ዓይን ሲከደን የሚሰማኝን ነበር። እሱን እየጠበቅሁ አንድ ማንኪያ በጨመርኩ ቁጥር ደረቴ ሥር የሆነ ነገር ይጨመድደኛል፣ ከዚያ ወደ መጸዳጃ ቤት እሮጥና ሁሉንም አስመልሰው ነበር። ባለሙያዋ ጥያቄዋን ለውጣ፣ ከማስመለሴ በፊት ምን ምን እንደሚሰማኝ አንድ በአንድ እንድነግራት ጠየቀችኝ። አፍንጫዬ ይፈስሳል፣ አንዳንዴ ስቅታ ይይዘኛል፣ ከደረቴ አጥንት በታች ጫን ይለኛል አልኳት። «እንግዲህ ጥጋብሽ እሱ ነው» አለችኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ስጠራው የኖርኩት ቃል ትርጉሙ ተለውጦ አፍንጫዬ ላይ ተቀመጠ። አስተርጓሚውም ሣቁን መያዝ አቅቶት ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ለብዙ ሰው እንደ ስጦታ የሚታየው ጊዜ ነው። ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ተቆርጦ በሚወጣው የጨጓራ የላይኛው ክፍል ስለሆነ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ወራት ረሃብ የሚባለውን ስሜት ረሳሁት። እህል ሳልቀምስ እስከ ቀትር ድረስ እቆይና ምንም አይሰማኝም ነበር። ሚዛኑም በየሳምንቱ የሚያስደስት ቁጥር ያሳየኝ ነበር። እኔም ተታለልኩ፤ አለመብላቴን እንደ ጀግንነት ቆጠርኩት። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ማግኘት እንዳለብኝ ተነግሮኝ ሳለ አንድ እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት በልቼ ጠጥቼ እውል ነበር፤ እንቁላሉ 6፣ ወተቱ 8 ግራም ቢሆን ድምሩ ሩብ እንኳ አይሞላም።

በአራተኛው ወር ፀጉሬ በማበጠሪያ ላይ በጭብጥ በጭብጥ ይወጣ ጀመር። ስለዚህ አስቀድመው ነግረውኝ ስለነበር ብዙም አልደነገጥኩም፤ ሰውነት በድንገት ሲከሳ የሚመጣና በወራት ውስጥ የሚመለስ ነው። ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። በሰባተኛው ወር አንድ ሌሊት የምንከባከባቸውን አዛውንት ከወንበር ላስነሣ ጎንበስ ስል ጉልበቴ ከዳኝ፤ እሳቸው እጄን ይዘው እኔን ደገፉኝ። 88 ዓመታቸው ነው። «ልጄ፣ ዛሬ ማን ነው ተንከባካቢው?» ብለው ቀለዱ፤ እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። በማግስቱ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጄን ሳላስደግፍ ለመነሣት ስሞክር ከአምስት ጊዜ በላይ አልቻልኩም። 118 ኪሎ ሳለሁ ይህን እችል ነበር።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ያስረዳኝን እስካሁን አልረሳሁም። ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም፤ ፕሮቲኑ ካነሰና ጡንቻው ሥራ ካጣ ሰውነት ጡንቻውንም ይበላል። እኔ እንቅስቃሴ ማለት ለመክሳት የሚደረግ መስሎኝ በእግር መሄድን ብቻ ይዤ ነበር። እሱ ግን መክሳቱን ለቀዶ ሕክምናው ትቼ እንቅስቃሴውን የሚቀረውን ለማትረፍ እንዳውለው ነገረኝ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይቀጥል፣ በዚያ ላይ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ጡንቻን የሚያሠራ ነገር ይጨመር አለ። ጂም የምገባበት ሰዓትም ድፍረትም ስላልነበረኝ ከወንበር መነሣትና መቀመጥን፣ ግድግዳ ተደግፎ መግፋትን፣ በላስቲክ ገመድ መሳብንና ውኃ የሞላ ጠርሙስ ማንሣትን አሳየኝ። ከፈረቃ መልስ ከመተኛቴ በፊት 20 ደቂቃ እሠራለሁ። ከወንበሩ በአምስት ጀምሬ ዛሬ 30 እደርሳለሁ፤ ጠርሙሱም በእውነተኛ ክብደት ተተክቷል። ቀዶ ሕክምናው እንደተደረገ ግን ይህ አይፈቀድም፤ ለስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳላነሣ ተከልክዬ ስለነበርና ሥራዬ ደግሞ ሰው ማንሣት ስለሆነ የሐኪም ወረቀት አቅርቤ ዕረፍት ወጥቻለሁ። በዚህ ላይ የተደበቀ ጀግንነት አያዋጣም።

ክኒኖቹም የራሳቸው ሰዓት አላቸው። መልቲቫይታሚን፣ ቫይታሚን ቢ 12፣ ቫይታሚን ዲ፣ ብረትና ካልሲየም ዕድሜ ልክ አብረውኝ ይኖራሉ፤ ካልሲየሙ ብረቱን እንዳይመጠጥ ስለሚያግደው በሁለቱ መካከል ቢያንስ ሁለት ሰዓት አደርጋለሁ፣ ካልሲየሙም በአንድ ጊዜ ስለማይወሰድ በቀን ይከፋፈላል። ለሌሊት ሠራተኛ «ጠዋት» እና «ማታ» የሚሉት የማዘዣ ቃላት ትርጉም ስለሌላቸው ስልኬ ላይ አራት ደወል ሞልቻለሁ። ባልደረቦቼ ለወገብ ሕመም እርስ በርስ የሚሰጣጡትን አይቡፕሮፌንም ጨጓራን ስለሚያቆስል ሐኪሜ ከልክሎኛል። ጣፋጭ መጠጥን ደግሞ ማንም ሳይከለክለኝ ሰውነቴ ራሱ ከለከለኝ፤ አንድ ቀን ጭማቂ በአንድ ትንፋሽ ጠጥቼ 15 ደቂቃ ሳይሞላ ላብ አጠመቀኝ፣ ልቤ ደለቀ፣ የሕሙማን ልብስ ማስቀመጫ ክፍል ገብቼ ወለሉ ላይ ተጋደምኩ። ዳምፒንግ ይሉታል። አንጀትን በሚያገናኘው ቀዶ ሕክምና ላይ ይበዛል እንጂ በስሊቭም ይመጣል።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልምጣ። በመጀመሪያው ዓመት 35 ኪሎ ስቀንስ ያዩኝ ሁሉ ምን እንዳደረግሁ ይጠይቁኝ ነበር፤ እኔም «በእግር እሄዳለሁ፣ ራት ትቻለሁ» እል ነበር። ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አብራን የምትሠራ አንዲት እህት ግን ቃሌን አምና በቀን ሁለት ሰዓት መሄድና ራት መተው ጀመረች። ከሦስት ወር በኋላ አውቶቡስ ስንጠብቅ «አንቺ ጠንካራ ነሽ፤ እኔ ግን ሰነፍ ፍጥረት ነኝ መሰለኝ» አለችኝ። አራት ኪሎ ብቻ ነበር የቀነሰችው። እዚያው ቆመን ልብሴን ገልጬ ጠባሳዎቹን አሳየኋት። ለሁለት ሳምንት ሰላምታዋ ቀዝቅዞ ቆየ፤ አልፈርድባትም። በኋላ ተመልሳ መጥታ የምትበላውን አብረን አየን፤ እሷ ቀዶ ሕክምናውን አልፈለገችውም፣ ነገር ግን ራቷን መብላት ጀመረች።

ረሃቡ ተመልሷል። በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ አንድ ንጋት ከሥራ ስወጣ ሆዴ ጮኸ፤ የቆየ ወዳጅ በሬን ያንኳኳ ያህል ተሰማኝ፣ ቀጥሎ ግን ፈራሁ። ዝቅ ብዬ ከነበርኩበት 83 ኪሎ ተነሥቼ ዛሬ 88 ነኝ። ጥቂት ኪሎ መመለሱ በብዙዎች ላይ የሚታይ እንደሆነ ሐኪሜ ነግሮኛል፤ እኔን የጎዳኝ ሆዴ ሳይሆን የድሮ ልማዴ ነበር፤ ትንሽ ትንሽ እየቆነጠሩ ሌሊቱን ሙሉ መብላት የጠበበ ጨጓራንም ያታልላል። ረሃቤ ዝም ባለባቸው ወራት የተማርኩትን ሁሉ አሁን እየተራብኩ መሥራት አለብኝ። ፕሮቲኑን አስቀድሜ እበላለሁ፣ ሳጥኔን ከቤት ሞልቼ እወጣለሁ፣ ብስኩቱ ያለበትን ጠረጴዛ በሌላ በር እዞረዋለሁ። ያልተሳካልኝ ከፈረቃ ወጥቼ ባዶ ቤት ስገባ ያለው የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ነው። ለሱ የጨጓራ ሐኪም የለውም፤ ለጊዜው መፍትሔዬ ጫማዬን ሳላወልቅ እማዬ ዘንድ መደወል ሆኗል።

እማዬም እስካለፈው ዓመት ድረስ ምንም አታውቅም ነበር። በስልኩ መስታወት ፊቴን ባየች ቁጥር «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ምን አሞሽ ነው?» እያለች ስታለቅስ እኔ ሥራ በዝቶብኝ ነው እላት ነበር። ለታናሽ እህቴ ብቻ ነበር የነገርኳት። ያቺን የአውቶቡስ ፌርማታ ካየሁ በኋላ ግን ለእማዬም ነገርኳት፤ ስንት እንደቆረጡልኝ፣ ምን እንደምበላ፣ ለምን ፀጉሬ እንደሳሳ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ?» ስላት፣

«የቆረጡትን ግን የት አደረጉት?» አለችኝ።

ላቦራቶሪ ልከው ይመረምሩታል፣ ከዚያ ያስወግዱታል አልኳት። አሰብ አድርጋ «ይሁን» አለችና በዚያው ቀን ስንት እንቁላል እንደበላሁ ጠየቀችኝ።