የስንዴ ቢራ ነጥብ የሚሰጠው ሞቅ ሲል ነው

በብዛት የሚመረት የስንዴ ቢራ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ሲጠጣ ጥሩም መጥፎም ጎኑ ይደበቃል። ስለዚህ 7 ወይም 8 ዲግሪ ሲደርስ ቅዱት፤ ግማሹን ደግሞ 12 ዲግሪ አካባቢ እስኪሆን አቆዩት። እውነተኛው ነጥብ ያለው በዚያ ግማሽ ላይ ነው።

መጀመሪያ ብርጭቆውን እዩ። ከተቀዳ በኋላ ከአረፋው በታች፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው የሚቀሩ የአየር እንክብሎች ካሉ ቅባት ወይም ሳሙና ቀርቶበታል፤ አረፋው ቶሎ ቢከስም ቢራውን አትውቀሱ። በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቃችሁ፣ አዘንብላችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ቅዱ። ያልተጣራ ከሆነ ሁለት ጣት ያህል ሲቀር ጠርሙሱን አሽከርክራችሁ ከነእርሾው ጨምሩ። የሎሚ ቁራጭ ይቅር፤ አረፋውን ያጠፋል፣ ሽታውንም ይሸፍናል።

አሁን ዓይነቱን ለዩ። በጀርመኗ ባቫሪያ የስንዴ ቢራ ውስጥ ከብቅሉ ቢያንስ ግማሹ ስንዴ ነው፤ የሙዝና የቅርንፉድ ሽታውን የሚያወጣው እርሾው ራሱ እንጂ የተጨመረ ቅመም አይደለም። የቤልጂየሙ ነጭ ቢራ ግን ብቅል ያልሆነ ስንዴ፣ ድምብላልና የብርቱካን ልጣጭ ይገባበታል። የቤልጂየሙን ነጭ ቢራ ሆጋርደንን «ሙዝ ሙዝ አይልም» ብሎ ነጥብ መቀነስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የቢራ ዳኞች ከ50 ያርማሉ፦ ሽታ 12፣ መልክ 3፣ ጣዕም 20፣ አፍ ላይ የሚሰጠው ስሜት 5፣ አጠቃላይ ግምገማ 10። ድፍርስነቱ ያማረ ቢራ በዚያ ብቻ ብዙ አያገኝም፣ የሚገባውም ይኸው ነው። እንደተቀዳ ወዲያው አሽትቱ፤ የመጀመሪያው ሽታ ቶሎ ይበናል። ስትጎነጩ ስንዴው ምላስ ላይ ለስለስ፣ ሞላ ማለት አለበት። በ12 ዲግሪ ውሃ ውሃ ካለና ድምብላሉ ብቻውን ከቀረ፣ ስንዴው ስም ብቻ ነው፤ ከጣዕሙ ያለርኅራኄ ቀንሱ።

እርጥብ ካርቶን የሚል ከሆነ ኦክስጅን አግኝቶታል ወይም አርጅቷል። የቅቤ ሽታ መፍላቱ በደንብ እንዳላለቀ፣ ወይም ባክቴሪያ እንደገባበት ይጠቁማል። ከአረንጓዴ ወይም ቀለም ከሌለው ጠርሙስ የሚወጣው ክርፋት ብርሃን ሆፑን (ለቢራ ምሬት የሚሰጠውን ተክል) ስለነካው ነው። ካርቶኑ ወይም ክርፋቱ ከገጠማችሁ ነጥቡን አትመዝግቡ፤ ቀኑ ቀረብ ያለ፣ ጨለማ ውስጥ የቆየ ሌላ ጠርሙስ ክፈቱ።