ሻዬን ያስረሳኝ ዌልሳዊ

ዛሬ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ አለኝ። ስልኬን ስነካካ ዊልፍ ዉለር የሚባል ዌልሳዊ ታሪክ ውስጥ ገባሁ፤ ሻዬ እስኪበርድ።

ልጁ በ1933 (እ.ኤ.አ.) ገና ተማሪ ሳለ ለዌልስ ራግቢ ተሰለፈ። የዚያን ቀን ዌልስ እንግሊዝን በራሷ ሜዳ፣ ለንደን ትዊክንሃም ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈች። በ1935 ደግሞ ኒውዚላንድን 13 ለ 12 ረቱ።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1942 ጃፓኖች ማረኩት፤ ሲንጋፖር፣ ቻንጊ የሚባል የምርኮኞች እስር ቤት ታሰረ።

ከዚያ ወጥቶ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በ1947 ግላሞርጋን የተባለው የዌልስ ክሪኬት ክለብ አምበል ሆነ። በ1948 የእንግሊዝና ዌልስ ካውንቲዎች ሻምፒዮን! ለክለቡ የመጀመሪያው። እኔን የገረመኝ አጨዋወታቸው ነው። መቺው አፍንጫ ስር ቆመው የሚበረውን ኳስ ይቀልባሉ፣ ያውም ያለ ጓንት። አምበሉ ራሱ ፊት ለፊት ይቆማል። ሌላውን ተሰለፍ ብሎ እሱ ዳር የሚይዝ አለቃ አልነበረም (የማውቃቸው አሉ፣ ስም አልጠራም)።

በ1968 የዌስት ኢንዲስ ኮከብ ክሪኬተር ጋሪ ሶበርስ የዌልሷ ስዋንሲ ከተማ ላይ 6 ኳሶችን በተከታታይ ከመስመር ውጭ ሲያበርራቸው በቢቢሲ ያስተላልፍ የነበረውም ዉለር ነው። ቪዲዮውን ሦስቴ አየሁት። የክሪኬት ሕግ ግን አሁንም አልገባኝም 😄