ልጄን «እምቢ» ማለት ሳስተምራት

ልጄ 11 ዓመቷ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባት። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው። ሰፈሩ ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ!» ይላታል። ነይ ሲሏት ትመጣለች፣ ሳሚ ሲሏት ትስማለች። እኔም በዚህ ስኮራ ኖሬያለሁ። ያንን ጨዋነት ለማስተማር ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት የልዩ ፍላጎት መምህሯ ወላጆችን ሰበሰበችን። ከአሮጌ ነጠላ የሰፋቻትን አሻንጉሊት ይዛ መጣች። ቀይ ፓንት አልብሳታለች። ፓንቱን በጣቷ እያሳየች «ቤታችሁ ይሄን ቦታ ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ?» አለችን። ሁላችንም አቀረቀርን። አንዷ እናት «እዚያጋ» አለች። እኔ ቤት ስሙ «ነውር» ነበር። መምህሯ ቀስ ብላ ጠየቀችን፦ «ልጃችሁ መጥታ ነውሬን ነካኝ ብትላችሁ ትሰሟታላችሁ ወይስ አፍሽን ያዢ ትሏታላችሁ?»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት ያሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ ጥናት አለ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ልጆች ጉዳት ከሌለባቸው ልጆች ይልቅ ለወሲብ ጥቃት የመጋለጥ ዕድላቸው 4.6 እጥፍ ነው ይላል። ጥናቱ በሀብታም አገሮች የተሠራ ነው። የእኛን ሰፈር ማንም አልቆጠረውም።

ለምን እንደሆነ ግን ቤቴን ሳየው ገባኝ። ገላዋን የማጥባት እኔ ነኝ፣ ሳልኖር አክስቷ፣ እሷ ካልተመቻት ሠራተኛዋ። ባጃጅ ላይ አንዱ ያወጣታል፣ ሌላው ያወርዳታል። «ልንካሽ?» ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። ሰውነቷ የሁሉም ሰው ነው ብለን ያስተማርናት እኛው ነን።

ከመታጠቢያው ጀመርን። ሳሙናውን እጇ ላይ አስቀምጬ «ይሄን ራስሽ እጠቢ፣ ጀርባሽን ልጠብሽ?» እላታለሁ። መጀመሪያ ግራ ገብቷት ዝም ብላ ታየኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ አረፋው ጀርባዋ ላይ እንዳለ «እምቢ» አለችኝ። እጄን ሰበሰብኩ። ውሃው ቀዘቀዘ፣ እኔ ጠበቅኩ። ሲቆይ ዞር ብላ «እሺ አሁን» አለች።

በየማታው አንድ ዓይነት ቃል እንደጋግማለን፦ «ሰውነቴ የኔ ነው። ለእማዬ እንዳትነግሪ ያለኝን ሰው ለእማዬ እነግራለሁ።» እንዲህ ላሉ ልጆች አንዴ መንገር አይበቃም፤ በሥዕል፣ በጨዋታ፣ መቶ ጊዜ ነው። መምህሯ ለእኛም የነገረችን አለ። ክፉ ነገር ከደረሰ ገላዋን ሳታጥቡ፣ ልብሷን ሳትቀይሩ ቶሎ ወደ ሆስፒታል። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ደግሞም ጠባቂዎቹ እኛ ነን፤ ልጅቷ «እምቢ» ሳትል ብትቀር ጥፋቱ በፍጹም የእሷ አይደለም።

ለፋሲካ አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን ከዘጌ መጡ። ክፋት የሌለባቸው ሰው ናቸው። «ነይ ሳሚኝ የኔ ልጅ» አሏት። እሷ በሩ ላይ እንደቆመች «እምቢ» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ «ኧረ ነውር ነው! ሳሚያቸው እንጂ!» ብላ ብድግ አለች። ፊቴ ጋለ። «ጋሼ፣ ከፈለገች እጅ ትጨብጥዎታለች» አልኩ። ልጄ አየችኝ፣ ከዚያ ግራ እጇን ዘረጋች። እሳቸውም ከመቀመጫቸው ተነስተው በሁለት እጃቸው ጨበጧት። እናቴ ግን ቡናው በረካ እስኪደርስ አላናገረችኝም።