የሚያብረቀርቀው ሄደርና የፈላው ቤንዚን

ግንቦት መግቢያ ላይ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን፣ እዚሁ አውሮራ ኮሎራዶ አንዲት የሐበሻ ሱቅ በር ላይ ቆምን። እናቴ በርበሬዋን እስክትመርጥ ሩብ ሰዓት ቢሞላ ነው። ተመልሰን ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም። ኮፈኑን ስከፍት የቤንዚን ሽታ ፊቴን መታኝ። ጆሮዬን ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡራተር ሳስጠጋ እሳት ላይ እንደተጣደ ጀበና ይንተከተካል። የአየር ማጣሪያውን ክዳን አንስቼ በስልኬ መብራት ሳየው፣ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ቤንዚኑ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ውስጥ ይወርድ ነበር።

«አባትህ እኮ እርጥብ ጨርቅ ያደርግበት ነበር» አለችኝ እናቴ በመስኮቱ።

እውነቷን ነው። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር፤ በአዋሽና በሚሌ መንገድ ላንድክሩዘር ሲነዳ ኖሯል። በዚያ ሐሩር መኪናዋ እምቢ ስትለው ጨርቅ በውሃ ነክሮ የቤንዚን ፓምፑና ቱቦው ላይ ይጠቀልልና ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። እኔም የዚያን ቀን የእናቴን የመጠጥ ውሃ ተጠቅሜ እንደዚያው አደረግኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተነሳች።

የእኔዋም ላንድክሩዘር ናት፣ የ1984 እ.ኤ.አ. ኤፍጄ 60፣ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር። በዚህ ሞተር ላይ ካርቡራተሩም የጭስ ማውጫውም ያሉት በአንድ ጎን ነው፤ ቤንዚኑ የተቀመጠው እሳቱ አናት ላይ ማለት ይቻላል። ቶዮታ ይህን ስለሚያውቅ በመሃል የብረት ላሜራ አኑሯል፤ በዚያ ላይ ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ካርቡራተሩን የሚያራግብ ትንሽ ቬንትሌተር ሰጥቷታል። ከሁለት ዓመት በፊት የድሮው ማኒፎልድ፣ ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ብረት፣ ሲሰነጠቅ በምትኩ ሄደር የሚባለውን የቱቦዎች ስብስብ፣ በሚያብረቀርቅ ሴራሚክ የተቀባውን፣ ገዛሁ። የገጠመልኝ ጋራዥ ላሜራው ከአዲሱ ሄደር ጋር አልገጥም ሲለው አውጥቶ ጣለው፤ የቬንትሌተሩንም ሽቦ ሳይቀጥል ተወው። «ቅቡ ይበቃል» ተባልኩ፣ አመንኩ።

አልበቃም። ቅቡ ጥሩ ነገር ነው፣ አሁንም አልነቅለውም። የጭሱን ሙቀት ቱቦው ውስጥ ይዞ ወደ ኋላ ይሰደዋል፤ ወደ ኮፈኑ ሥር የሚወጣው ይቀንሳል። ግን የሚቀረውም ብዙ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ውሃው መዞር ያቆማል፣ ነፋስ የለም፣ የብረቱ ሙቀት ሁሉ ሽቅብ ይወጣል። ዴንቨር አካባቢ ከፍታው 1,600 ሜትር ስለሆነ የአየሩ ግፊት ያንሳል፣ ቤንዚኑም ቶሎ ይፈላል። ወሩም አላገዘኝም፤ ማደያዎች በቀላሉ የማይተነውን የሙቀት ወራት ቤንዚን የግድ መሸጥ ያለባቸው ከጁን 1 ጀምሮ ነው። በግንቦት መግቢያ ሙቀቱ ቀድሞ ከመጣ ታንከርህ ውስጥ ገና ለብርድ የተዘጋጀው አለ።

ለመለካት የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ገዛሁ። ሄደሩ ላይ ሳነጣጥር 165 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አለኝ። ደስ አለኝ፤ ግን ላሜራ በሌለበት እንዲህ ቀዝቃዛ ሊሆን አይችልም ብዬ ተጠራጠርኩ። ሙቀት የሚችል ደብዛዛ ጥቁር ቀለም አምጥቼ የሳንቲም ስፋት ያህል ቱቦው ላይ ቀባሁና አደረቅኩት። በማግስቱ ያንኑ መንገድ ነድቼ ስመለስ የሚያብረቀርቀው ቅብ ላይ 165፣ ጥቁሩ ላይ 250! ሁለቱ የጣት ስፋት እንኳ አይራራቁም። የሚያብረቀርቅ ነገር ሙቀቱን በጨረር ብዙ ስለማያወጣ መሣሪያው አሳንሶ ያነብበዋል። ሄደር ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ጥቁር ነጥብ ሳትቀቡ በዚያ መሣሪያ ቁጥር አትመኑ።

ከዚያ ሥራ ጀመርኩ። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው አሉሚኒየም ላሜራ ቆረጥኩ፤ ቅርጹን መጀመሪያ በካርቶን ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ከሄደሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲርቅ አድርጌ አሰርኩት። ክፍተቱ ከላሜራው እኩል ዋጋ አለው፤ ከተነካካ ሙቀቱ በብረቱ በኩል ያልፋል፣ ክፍተት ካለ ግን ነፋሱ ይወስደዋል። የቬንትሌተሩን ሽቦ ቀጠልኩ፤ ቁልፉ ከጠፋ በኋላ አሥር ደቂቃ እንዲሠራ ሰዓት ቆጥሮ የሚያጠፋው ሪሌ (የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ) አስገባሁ። የቤንዚኑን ጎማ ቱቦ ከሄደሩ አርቄ ሙቀት በሚመልስ መሸፈኛ አለበስኩት። ታይሚንጉን፣ ማለትም ሻማው ቤንዚኑን የሚለኩስበትን ቅጽበት፣ ሳየው ዘግይቶ አገኘሁት፤ የዘገየ ታይሚንግ ቤንዚኑን በመጨረሻ ሰዓት ስለሚያቃጥል ጭሱን ያግለዋል። አስተካከልኩት።

ሄደሩን በጨርቅ ጠቅልለው ያሉኝ ብዙ ናቸው። በተቀባ ሄደር ላይ አላደርገውም። ጨርቁ እርጥበት ይይዛል፣ እዚህ ደግሞ በበረዶው ወራት መንገዱ ጨው ነው፤ ቅቡም ሥሩ ያለው ተራ ብረትም ከመጠን በላይ ግለው ይበላሻሉ። የኮፈኑን ኋላ በወፍራም ዋሸር ከፍ ማድረግም አልወደድኩትም። ቆመህ ሙቀት ያስወጣል፤ ስትነዳ ግን ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው ግፊት ከፍተኛ ስለሆነ አየሩ እንደገና ወደ ውስጥ ይገባል።

ጁን ውስጥ እናቴን ይዤ ላቭላንድ ፓስ ወደሚባለው የተራራ መተላለፊያ ወጣሁ፣ ከፍታው 3,655 ሜትር። በረዶው ገና ዳር ዳሩን ነበር። ሞተሩን አጥፍቼ ሃያ ደቂቃ ቆምን፤ ቬንትሌተሩ ብቻ ሹ ይላል። ካርቡራተሩ ጎን ላይ የለጠፍኩት ጥቁር ፕላስተር በፊት ከቆመች በኋላ ወደ 70 ዲግሪ ይደርስ ነበር፣ አሁን 50 ላይ ቆመ። ቁልፉን ሳዞር ወዲያው ተነሳች። እናቴ «ጨርቁን ግን አትጣለው» አለችኝ፤ ከመቀመጫዬ ኋላ ከውሃ ጠርሙስ ጋር አለ።

ቁልቁል ስንወርድ እግሬ ሥር ያለው ምንጣፍ ሲሞቅ ተሰማኝ። ቅቡ ወደ ኋላ የሰደደው ሙቀት አሁን ያለው ወለሉ ሥር፣ ቱቦው በሚያልፍበት ነው። ከተረፈው አሉሚኒየም ለዚያ የሚሆን ቁራጭ ለይቼ አስቀምጫለሁ፤ ቅዳሜ ምንጣፉን አነሳለሁ።