ዳዊት ደጋሚው

መስከረም ላይ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፣ በየወሩ አንድ ጉዞ፣ በየጉዞው አንድ መጽሐፍ። ጉዞው አልከፋም። መስከረም ጢስ ዓባይ ውሃው ሞልቶ እያለ፣ ኅዳር ሰከላ ግሽ ዓባይ (እሱ እንኳን ቁርሴን ጥርግ አርጌ በልቼ ሄጄ፣ ምንጩ ጋ የሚጠጋው የጾመ ነው ተብዬ በሩቁ ተመለስኩ)፣ ጥር 23 እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል። መጽሐፉ ግን ያው አንዱ ነው። ባለ 600 ገጽ ልቦለድ፣ እንዳይቆሽሽ ብዬ ጊዮርጊስ በፈረስ ያለበትን አሮጌ ካላንደር ያለበስኩት፣ ጎጃምን ዞሮ ዞሮ ገጽ 14 ላይ ቁጭ ብሏል።

ግንቦት ላይ ዘንገና ሐይቅን ልይ ብዬ ከባህር ዳር የእንጅባራ ሚኒባስ ያዝኩ። «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን» ብለው አንድ ሰዓት ተኩል አስቀመጡን፣ ስንነሳ 17 ነን። ይሄን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

መራዊን እንዳለፍን አጠገቤ ያሉት እናት «ምን ይዘህ ነው ልጄ?» አሉኝ። አሁን ገና 14ኛ ገጽ ላይ ነኝ ይባላል? «ጨርሼ እየደገምኩት ነው እማማ» አልኩ።

«ጎሽ የኔ ልጅ! የቅዳሜውን ነው?»

ቀኑ ቅዳሜ ነው። እኔም «አዎ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው ጊዜ የማገኘው» አልኩ። እሳቸው መጽሐፉን ከእጄ ተቀብለው ሶስቴ ሳሙት። መዝሙረ ዳዊት መሰላቸው፣ በየቀኑ ተከፍሎ የሚደገመው! ያኔ መናገር ነበረብኝ፣ አውቃለሁ፣ አፌን ልከፍት ስል ለፊተኛው ወንበር አቀበሉት፣ ከዚያ ለኋላ፣ ግንባራቸውን እያስነኩ፣ ህጻን ልጅ ሁሉ እያሳሙ፣ ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው ተቀብሎ ሳመው፣ ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ ሁሉም ያየኛል፣ ምን ላድርግ፣ እኔም የራሴን ልቦለድ ተሳለምኩት። 15 ሰው! የቀሩት ሂሳብ ሲሰበስብ ያላየው ረዳቱና ከኋላ ደበሎውን ተከናንቦ የተኛ የቆሎ ተማሪ ናቸው። ደራሲው ራሱ እናቱ እንዲህ አልሳመችለትም።

ዳንግላን አለፍ ብለን ዳገቱ ላይ ጎማ ፈነዳ። የእጅ ፍሬኑ አይዝም፣ ረዳቱ «ታኮ! ታኮ!» እያለ ይሮጣል፣ ድንጋይ በሞላበት አገር እዛች ቦታ ላይ ጭቃ ብቻ። እኔ ለሽንት ዞር ብዬ ስመለስ ጩኸት ሰማሁ። ረዳቱ ከወንበሬ ላይ ወፍራም ነገር አይቶ ጎማው ስር ሸጉጦታል።

«እግዚኦ! ዳዊቱን! ዳዊቱን!» እናት ነጠላቸውን ጥለው ረዳቱን አንቀው ይዘዋል፣ አንዱ ክሪክ አንስቷል። ልጁ ሊሞት ነው። «ዳዊት አይደለም» አልኩ ቀስ ብዬ፣ ማን ይስማኝ። ጩኸቱ የቆሎ ተማሪውን ቀሰቀሰው፣ ወርዶ መጽሐፉን አወጣና ጭቃውን ጠርጎ የጢስ ዓባይ ትኬቴ የተሰካበት ላይ ገለጠው። ዝም ብሎ አነበበ፣ ሰውዬው ጠጅ ቤት ገብቶ ከአንዲት ቆንጆ ጋር የሚላፋበት ቦታ ነው።

«እማማ፣» አለ ረጋ ብሎ፣ «ይሄስ የቅዳሜው አይደለም።»

ቅኔ አገር ተወልዶ እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም። ቀጠለ ደግሞ፣ «ገናም ገጽ 14 ላይ ናቸው።»

«ጨርሶ እየደገመው ነው እኮ!» አሉ እናት፣ አሁንም ለኔ ሊከራከሩልኝ።

ሚኒባሱ ሙሉ በሳቅ ፈነዳ። እናት ትንሽ ቆይተው ገባቸው፣ አንድም ቃል አልተናገሩም፣ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ከንፈራቸውን ጠረጉ። እስከ እንጅባራ ጠረጉ።

ስንደርስ ረዳቱን 20 ብር መልሴን ጠየቅኩት።

«ለመባ ይሁን» ብሎ በሩን ዘጋ።